«እብድ» የሚለው ስም በሕግ፣ በሥነ ጽሑፍና በትምህርት ቤት

በአማርኛ «እብድ» የሚለው ቃል የሚሠራው ሥራ አንድ ብቻ አይደለም። የታመመውን ሰው ያመለክታል፤ ያልታመመውን ይሰድባል፤ ነገሩ ያልጣመንን ተናጋሪ ደግሞ ያለ ክርክር ከሸንጎ ያስወጣል። እነዚህ ሥራዎች በአንድ ቃል ላይ ተደርበው ስለሚኖሩ፣ የቃሉን ታሪክ ለመመርመር የሚነሣ ሰው በመጻሕፍት ውስጥ አዘውትሮ የሚያገኘው ተሰዳቢውንና ከሸንጎ የወጣውን ነው፤ ታማሚውን የሚያገኘው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የሚሞከረውም፣ ሥነ ጽሑፋችንና የሥነ ጽሑፍ ትምህርታችን ያለ አግባብ እብድ የተባለውን ሰው ስም ለማደስ ብዙ ሲደክሙ፣ በእርግጥ የታመመው ሰው ግን በዚያው ቃል ሥር እንደ ተቀበረ መቅረቱን ነው። ነገሩ የመምህራንና የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ጉዳይ የሚሆንበት ምክንያት በየቦታው ይገለጻል።

የቀድሞው ኅብረተሰብ የአእምሮ ሕመምን በአንድ ስም አይጠራም ነበር። ዛር የሰፈረበት፣ ጋኔን የያዘው፣ ቡዳ የበላው፣ መተት የተደረገበት፣ አብሾ የጠጣ እየተባለ እንደ ሁኔታው ይለይ ነበር። እነዚህ ስያሜዎች ዛሬ ከኋላ ቀርነት ተቆጥረው ቢታለፉም፣ ለታሪክ ተመራማሪ የሚነግሩት ቁም ነገር አላቸው፤ ይኸውም የሕመሙን ምክንያት ከታማሚው ጠባይ ውጭ ማድረጋቸው ነው። የዛር «ፈረስ» የሆነች ሴት በሰው ፊት ብትጮኽ ወይም ባለቤቷን ብትሳደብ፣ የተናገረው በላይዋ የሰፈረው ጋላቢ ነው ስለሚባል ነገ ከጎረቤቶቿ ጋር ቡና ለመጠጣት የሚከለክላት ነውር የለም። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ተቀምጦ፣ መልካም አየሁ በተባሉት ባለ ዛር ዙሪያ ይሰበሰቡ የነበሩትን ሰዎች ተከታትሎ የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1958 ታትሟል። በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ሳይሞን ሜሲንግ ባወጣው ጥናት፣ የዛር ማኅበር በቤትና በአደባባይ ቦታ ላልነበራቸው ሰዎች፣ በተለይም ለሴቶች፣ መደመጫና መከበሪያ ይሆናቸው እንደ ነበር አመልክቷል። ይህን ስንል ዛርን እንደ ሕክምና ለማወደስ አይደለም። ታማሚዋን ከማኅበር የማያስወጣ ስም በአገራችን እንደ ነበረ ለመመዝገብ ያህል ነው።

ይሁንና ነውሩ ከታማሚው ላይ ተነሣ ማለት ጠፋ ማለት አልነበረም። ሕመሙ «ቡዳ በላው» ተብሎ በተተረጎመ ጊዜ፣ ታማሚው ንጹሕ ተጠቂ ሲሆን፣ በዳዩ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔው ወይም ቤተ እስራኤሉ ሆኖ ይገኝ ነበር። ማረሻና ጀበና የሚሠራው እጅ፣ በአንድ ልጅ መታመም ምክንያት ይጠረጠራል፣ ይሸሻል፣ አንዳንድ ጊዜም ይደበደባል። የአንዱን ቤት ኀፍረት ለማቅለል የሌላው ቤት ተከሷል ማለት ነው። የባለ እጆች መገለል በትምህርት ቤቶቻችን ሲነገር ከርስት ማጣት ጋር እንጂ ከአእምሮ ሕመም ጋር ተያይዞ የሚነገርበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ሁለቱ ግን የአንድ ታሪክ ገጾች ናቸው።

ከነዚህ ስያሜዎች ሁሉ ለትምህርት ሰዎች በይበልጥ የሚቀርበው አብሾ ነው። በቆሎ ተማሪዎች ዘንድ ቅኔን በፍጥነት ለመቀበልና የተማሩትን እንዳይረሱ ለማድረግ ይጠጣ እንደ ነበር የሚነገርለት ይህ መድኃኒት የሚዘጋጀው አስተናግር ከሚባለው ተክል ነው። ተክሉ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ያሉበት በመሆኑ፣ መጠኑ ሲያልፍ ሰውን ያቃዣል፣ ያስለፈልፋል፣ አልፎም ይገድላል። ለማስታወስ ተብሎ የሚጠጣው ነገር በውስጡ የያዘው ስኮፖላሚን፣ ሐኪሞች ማስታወስን እንደሚያዳክም የሚያውቁት መሆኑም ልብ ሊባል ይገባል። ያም ሆነ ይህ፣ አብሾ ጠጥቶ አእምሮው የተነካ ደብተራ እንደ ማንኛውም እብድ አይታይም ነበር። ዕውቀት ከአቅሙ በላይ የሆነበት፣ ምሥጢር የከበደው ሰው ተብሎ በፍርሃትና በአክብሮት መካከል ይኖር ነበር። አብሾውም ቢቀር አስተሳሰቡ አልቀረም። ከሁለተኛ ደረጃ ወይም ከዩኒቨርሲቲ ታሞ የተመለሰ ወጣት በመንደሩ «ከትምህርት ብዛት አበደ»፣ «ንባብ አናቱ ላይ ወጣ» ሲባል የማያውቅ መምህር የለም።

ይህ አነጋገር ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ይገባል። ጽኑ የአእምሮ ሕመሞች፣ በተለይም ስኪዞፍሬንያ፣ በአብዛኛው የሚጀምሩት በአሥራዎቹ ዕድሜ መጨረሻና በሃያዎቹ መጀመሪያ ነው። ዕድሜው ደግሞ ወጣቱ ከፍተኛ ትምህርት ላይ የሚገኝበት ጊዜ ነው። ያላነበበው እረኛም በዚያው ዕድሜ ይታመማል፤ ነገር ግን ለእረኛው ሕመም ምክንያት ተደርጎ የሚከሰስ መጽሐፍ የለም። በመሆኑም ተራ የዕድሜ መገጣጠም ምክንያት መስሎ ታይቷል። ጉዳቱም ቀላል አይደለም። ትምህርት ያሳበደው ነው የተባለ ወጣት ከትምህርት እንዲርቅ ይደረጋል፤ ይህን የሚያደርጉበትም የሚወዱት ሰዎች ናቸው። ታናናሾቹም፣ በተለይ እኅቶቹ፣ «በቤቱ አንድ ይበቃል» ተብሎ ከደብተር ሊነጠሉ ይችላሉ።

እዚህ ላይ ወደ ሕጉ መለስ ማለት ይጠቅማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 339 የሚሠራውን ሥራ ውጤት ለመረዳት የማይችለውን ሰው ከተረጎመ በኋላ፣ አእምሯቸው ደካማ የሆነን፣ የመጠጥ ልማድ ያደረባቸውንና ገንዘብ አባካኞችን እንደ ሁኔታው ከእብድ እኩል ለመቁጠር ይፈቅዳል። የሱስ ሰውና የአእምሮ ታማሚ በአንድ አንቀጽ ሥር የተጎራበቱት እንዲህ ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው ግን እብደቱ በግልጽ የታወቀ የሚባለው ማን እንደሆነ የተወሰነበት መንገድ ነው። በአንቀጽ 341 መሠረት ሰውየው ስለ አእምሮው ሁኔታ በሆስፒታል ወይም በመሰል ተቋም ውስጥ ከተቀመጠ፣ በዚያ በሚቆይበት ጊዜ እብደቱ የታወቀ ነው። በአንቀጽ 342 ደግሞ ነዋሪዎቹ ከ2,000 በታች በሆኑበት የገጠር ቀበሌ፣ ቤተሰቡ ወይም አብረውት የሚኖሩት ሰዎች የሚጠብቁትና እንደ ልቡ እንዳይንቀሳቀስ የከለከሉት ከሆነ እብደቱ የታወቀ ይሆናል።

ሕግ አውጪው እሰሩ አላለም። ዓላማውም ታማሚው በማይረዳው ውል ንብረቱን እንዳያጣ መጠበቅ ነበር። ነገር ግን ሕጉ የተጻፈው የአገሩን ሁኔታ አይቶ ነውና፣ በከተማ የሆስፒታል አልጋ የሚሰጠውን ማስረጃ በገጠር የሚሰጠው የቤተሰብ ጥበቃ፣ ሲብስም ገመዱና ሰንሰለቱ እንደ ሆነ ተቀብሎታል። አንቀጾቹን የሚያነብ ሰው ከብዙ የጥናት ጽሑፍ ይልቅ የዚያን ዘመን የሕክምና ሥርጭት ይረዳባቸዋል።

ሕጉ ከወጣ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1958 ዓ.ም.፣ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታተመ። በልቦለዱ ውስጥ ካሣ ዳምጤ የዲማ ሰዎች «ጉዱ» የሚል ቅጽል የለጠፉለት የተማረ ሰው ነው። የባላባቱን ሥርዓት፣ የዘር ኩራቱን፣ የልማዱን መናኛነት ሲናገር፣ ሰሚዎቹ ሊመልሱለት አይሞክሩም፤ አእምሮው የተነካ ነው ብለው ያልፉታል። ደራሲው በዚህ ሰው አማካይነት «እብድ» የሚለው ስም እንዴት ያለ የመንግሥት መሣሪያ ሳይኖረው ሰውን ዝም እንደሚያሰኝ እጅግ ጥርት ባለ ሁኔታ አሳይቷል። ያለ ወህኒና ያለ ዳኛ የሚፈጸም ፍርድ ነው። ከዚህም በላይ ስሙ ለባለስሙም መጠለያ ይሆነዋል፤ ሌላ ሰው ቢናገረው የሚያስቀጣውን ነገር ጉዱ ካሣ ሊናገር የሚችለው ነገሩ ከቁም ነገር ስለማይቆጠርበት ነው። ዳዊት በጌት ንጉሥ ፊት እብድ መስሎ ነፍሱን እንዳዳነ በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ለሚያውቅ የቤተ ክህነት አንባቢ፣ ይህ መጠለያ እንግዳ አልነበረም።

ይህ ገጸ ባሕርይ በክፍል ውስጥ ሲነሣ መምህሩ የሚጠይቀው ጥያቄ ይታወቃል፤ «ጉዱ ካሣ እብድ ነውን?» የሚጠበቀውም መልስ ይታወቃል፤ «አይደለም፤ ከዘመኑ የቀደመ ሰው ነው።» መልሱ ልክ ነው። ግን በመልሱ ውስጥ ምን እንደ ተዋጠ እንመልከት። ካሣን ነፃ የምናወጣው እብድ አለመሆኑን በማስረዳት ነው። እብድ ቢሆን ኖሮስ? ቃሉ የሚገባው ሰው ቢሆን ኖሮ መናቁ፣ መገፋቱ፣ አለመሰማቱ ተገቢ ነበር ማለት ነውን? ጥያቄው ይህን አይነካውም። ከሠላሳና ከአርባ ተማሪ መካከል ወንድሙ ወይም እናቱ በቤት የታመሙበት ልጅ ቢኖር፣ ከዚያ ትምህርት ይዞት የሚወጣው መልእክት፣ እውነተኛው እብድ የሚሟገትለት የሌለው መሆኑን ነው።

በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ የተደረገው ክርክርም በዚሁ መንገድ የሄደ ነው። በመቅደላ ታስረው የነበሩት አውሮፓውያን፣ ከነርሱም አንዱ ሄንሪ ብላንክ ሐኪም ነበር፣ ነፃ ከወጡ በኋላ ባሳተሟቸው ትዝታዎች የንጉሠ ነገሥቱን የመጨረሻ ዓመታት በቁጣና በመጠጥ የተሞሉ አድርገው አቅርበዋቸዋል። ለእንግሊዝ አንባቢ ይህ ሥዕል የ1860 ዓ.ም.ን ዘመቻ ደግፎ ይቆም ነበርና፣ በጥርጣሬ ቢነበብ ያስመሰግናል እንጂ አያስነቅፍም። በኋላ የተነሡት ደራሲዎቻችን፣ ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ እንባ»፣ አቤ ጉበኛም በ«አንድ ለናቱ»፣ ንጉሡን ወደ ክብራቸው መልሰዋቸዋል። ከሳሾቹም ተሟጋቾቹም ግን በአንድ ነገር የተስማሙ ይመስላል፤ ይኸውም የአእምሮ መታወክ ከታላቅነት ጋር በአንድ ሰው ላይ ሊኖር አይችልም በሚለው ነው። ባለቤታቸው እቴጌ ተዋበች የሞቱባቸው፣ ያቀኑት አገር እንደ ገና የሸፈተባቸው ሰው በኀዘን ታመው ነበር ቢባል ምን ያህሉ ታላቅነታቸው ይቀነሳል? እኔ እንደሚመስለኝ ምንም። ለመቶ ዓመታት ያህል ግን ማንም ሊለው አልደፈረም፤ ወይም ያሉት ለመስደብ ብለው ነው።

የሱስ ነገር ከዚህ የሚለይበት ጎን አለ። ለእብደት ጋኔን ወይም ቡዳ ሲከሰስ፣ ለስካር የሚከሰሰው ሰካራሙ ራሱ ነው። ይኸውም ቢሆን በማዕረግ የሚለያይ ነበር። በግብር አዳራሽ የመኳንንቱ የጠጅ ብርሌ የልግስና ምልክት ሲሆን፣ በአረቄ ቤት በር የወደቀው የቀን ሠራተኛ መሳቂያ ነው። ጫት ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በሐረርና በአካባቢው ከጸሎትና ከዱዓ ጋር የተያያዘ የተከበረ ልማድ ሳለ፣ ለደገኛው ክርስቲያን የሃይማኖት ድንበር ምልክት ነበር፤ የነቀፋውም ሥር ከጤና ይልቅ እዚህ ላይ ነው። ከጊዜ በኋላ ግን ለፈተና የሚያጠና ተማሪ በየሃይማኖቱ ጫትን ሲይዝ፣ ምርቃናውንም ለመስበር ማታ ወደ መጠጥ፣ ወደ «ጨብሲ» ሲሄድ፣ የሃይማኖቱ ነቀፋ ወደ ጠባይ ነቀፋ ተለወጠ። «ሱሰኛ» የሚለው ስም ከዚህ በኋላ እንደ «እብድ» ሁሉ የሰውየው ሙሉ ስም ሆነ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅንና ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ መሸጥን ከልክሏል። ክልከላው የሚደገፍ ነው፤ በልማዱ ለተያዘው ወጣት ግን ሕጉ ብቻውን የሚከፍተው በር የለም።

በሕይወት ውስጥ ያለው ሁኔታ ከመጻሕፍቱ የበለጠ ይናገራል። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ከየክፍለ አገሩ የሚመጡ የአእምሮ ታማሚዎች ዋና መድረሻ ሆኖ ኖሯል። ከርቀቱ ሌላ ስሙ ራሱ እንቅፋት ሆነ። «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» ማለት የሆነው ቃል በከተማው አነጋገር መሳለቂያ ሆኖ «አማኑኤል ይግባ» እንደ ስድብ ይነገር ጀመር። በሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1987 ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። ከዚያ በፊት በዘርፉ ልዩ ሐኪም ለመሆን ባሕር መሻገር ግድ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን አብዛኛው ታማሚ ከሆስፒታሉ ርቆ ይኖር እንደ ነበር የቡታጅራው ጥናት ያስረዳል። በቡታጅራና በአካባቢው 68,378 ሰዎችን በመመርመር በተካሄደው ሥራ፣ ስኪዞፍሬንያ ከተገኘባቸው ሰዎች መካከል ለሕመሙ የሚሰጠውን ዘመናዊ መድኃኒት ቀድሞ ያገኙት ከዐሥር አንድ አይሞሉም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመው ሌላው የቡታጅራ ጥናት ደግሞ 178 የታማሚ ዘመዶች ተጠይቀው፣ ከመቶ 75ቱ በቤታቸው ባለው ሕመም ምክንያት መገለል እንደ ደረሰባቸው ወይም እንደሚሰማቸው፣ 37ቱ ሕመሙን ለመደበቅ እንደሚፈልጉ ተናግረዋል። ከሦስት አንድ የሚበልጡት ሌሎች ሰዎች ከቤተሰባቸው ጋር በጋብቻ ለመተሳሰር እንደማይፈቅዱ ገልጸዋል። ይህ የመጨረሻው አኀዝ ብዙ ነገር ይገልጣል። በአገራችን ጋብቻ የሁለት ቤት ጉዳይ ነውና፣ ሽማግሌ ሲላክ የዘር ሐረግ ይመረመራል፤ የአንዱ ወንድም ሕመም የእኅቶቹን ሁሉ ዕጣ ይነካል። እንግዲህ ታማሚውን በጓዳ የደበቀ አባት ጨካኝ ላይሆን ይችላል፤ ሦስት ሴት ልጆች ያሉት ሰው ይሆናል።

ስለ ሰንሰለቱም እንዲሁ። በሶዶ ወረዳ የተደረገ ጥናት እንዳመለከተው፣ ቤተሰብ ታማሚውን የሚያስረው በአብዛኛው ከጉዳት ለመጠበቅ፣ ሌላውንም ከእርሱ ለመጠበቅ፣ ሕክምናም በቅርብና በአቅም ሳይገኝ ሲቀር ነው። በየጸበል ቦታው የሚታየው ሰንሰለትም ብዙ ጊዜ በተስፋ የታሰረ ነው። የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 በመቃብር ሥፍራ ይኖር ስለ ነበረው፣ ሰንሰለት ስለ ሰበረው ሰው ሲነገር ሁሉም የሚያስታውሰው የአጋንንቱን መውጣት ነው። ሰውየው ከዳነ በኋላ ወደ ቤቱና ወደ ዘመዶቹ እንዲመለስ መታዘዙ ግን ብዙም አይሰበክም። በእኛ ዘንድ አስቸጋሪው ይህ ሁለተኛው ክፍል ነው፤ የዳነው ሰው የሚመለስበት ቦታ ስሙ ተለጥፎበት ይጠብቀዋል።

የተማሪ መመለሻ ቦታ ደግሞ ክፍሉ ነው። ታሞ የቀረ ተማሪ በመዝገብ ላይ «ያቋረጠ» ተብሎ ከተጻፈ፣ በትዳር፣ በድህነትና በሥራ ፍለጋ ካቋረጡት ጋር ተደባልቆ ይጠፋል፤ ዕቅድ አውጪውም ያልተመዘገበን ነገር በዕቅድ ሊያስገባው አይችልም። ወላጆች ምክንያቱን እንዲናገሩ ማስገደድ ደግሞ ከላይ በተገለጸው የጋብቻ ሥጋት የተነሣ ልጁን ጨርሶ ያስቀረዋል። ስለሆነም የሕመም ፈቃድ የሕመሙን ስም ሳያወጣ በርእሰ መምህሩ ዘንድ ብቻ የሚያዝበት፣ የተመለሰውም ተማሪ ያቋረጠውን ወሰነ ትምህርት ከመካከሉ የሚቀጥልበት ደንብ ያስፈልጋል።

መምህሩም ሊያውቃቸው የሚገቡ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። ለሕመሙ የሚሰጡት መድኃኒቶች እንቅልፍ ያስከትላሉ፤ አንዳንዶቹ እጅን ያንቀጠቅጣሉ፣ ፊትን ያደነዝዛሉ። ጠዋት በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የሚያንቀላፋው፣ ጽሕፈቱ የተበላሸበት፣ ሲጠየቅ ቶሎ የማይመልሰው ተማሪ ሰነፍ ወይም ጫት ሲቅም ያደረ ተደርጎ ሊገመት ይችላል። በየወሩ መርፌውን ለመወጋት አንድ ቀን የሚቀር ተማሪም አለ። ስም ጠሪው መምህር በማግሥቱ የት እንደ ነበረ በክፍሉ ፊት አቁሞ ቢጠይቀው፣ ልጁ በዚያ ቀን አንድ ውሸት ይፈጥራል፤ በሚቀጥለው ወር ግን መርፌውን ትቶ ወደ ክፍል ይመጣል።